ማኅበር፣ ወቅፍና ዕድር፦ በሊባኖስ ሕግ ፊት «ሰው» የሚባለው ማን ነው?

ሐዝሚዬ ከቤይሩት ወደ ደማስቆ በሚወጣው አውራ ጎዳና ላይ፣ በኮረብታው ትከሻ የተቀመጠች፣ በበዓብዳ ወረዳ ሥር ያለች ከተማ ናት። ብዙ ኢትዮጵያውያን ስሟን ያወቁት በቆንስላው ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2020 ደግሞ ስሟ በዓለም ዜና ተሰማ፤ የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋ ሲወድቅ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው ወይም ያልፈለጉ አሠሪዎች በርካታ የቤት ሠራተኞችን ከነሻንጣቸው አምጥተው በቆንስላው በር ላይ ትተዋቸው ሄዱ። ለእነዚህ ሴቶች ምግብ፣ ውሃና ማደሪያ ይዘው ከደረሱት መካከል ራሳቸው ስደተኛ ሠራተኞች ያቋቋሟቸው ስብስቦች ይገኙበታል። ከሁለት ወር በኋላ፣ ኦገስት 4 ቀን የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳም እነዚሁ ስብስቦች ቤት ለቤት እየዞሩ ርዳታ አድርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የተመሠረተው «እኛ ለእኛ በስደት» ከነዚህ ሁሉ በስም የታወቀው ነው።

እነዚህ ስብስቦች ሥራ ሠርተዋል፤ ገንዘብም ሰብስበዋል። ይሁንና በስደት ያለ ስብስብ ቤት ሊከራይ፣ የባንክ ሒሳብ ሊከፍት ወይም በፍርድ ቤት ሊቆም ሲፈልግ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ስብስቡ በሕግ ዓይን አለ ወይስ የለም? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በተለየ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕግ ሰውነት ምንድን ነው?

ሕግ «ሰው» ሲል ሥጋና ደም ያለውን ብቻ ማለቱ አይደለም። ማኅበር፣ ኩባንያ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ለበጎ አድራጎት የተመደበ ንብረት በሕግ ዘንድ እንደ አንድ ሰው ሊቆጠር ይችላል። የሕግ ሰውነት ያገኘ ማኅበር በራሱ ስም ንብረት ይይዛል፤ ይዋዋላል፤ ይከሳል፤ ይከሰሳል። መሥራቾቹ ቢሞቱ ወይም ሀገር ለቀው ቢሄዱ እርሱ ይቀጥላል። ይህን ሰውነት ያላገኘ ስብስብ ግን በሕግ ፊት የተናጠል ሰዎች ድምር ነው። በአንዷ እጅ የተቀመጠው መዋጮ የእርሷ የግል ገንዘብ ይመስላል፤ በአንዷ ፊርማ የተከራየው አዳራሽ የእርሷ ኪራይ ነው፤ ዕዳውም የእርሷ ዕዳ ነው።

ዐረብኛው ይህን «ሸኽሲያ መዕነዊያ» ይለዋል፤ በእጅ የማይዳሰስ፣ በሐሳብ ብቻ የሚኖር ሰውነት እንደ ማለት ነው። «የሕግ ሰውነት» የሚለው አማርኛ ከዐረብኛው ይልቅ ነገሩን ፊት ለፊት ይናገራል፤ ሰውነቱን የሰጠው ሕጉ መሆኑን አይደብቅም።

ኢትዮጵያውያን አንባብያን ጉዳዩን ከሀገራቸው ሕግ ያውቁታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 394 ጀምሮ ስለ እነዚህ አካላት በሰፊው ይደነግጋል። አንቀጽ 398 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ሰው ይቆጥራታል፤ ሌሎቹን ሃይማኖቶች ግን ለልዩ ሕግ ትቷቸዋል። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በየራሳቸው አዋጅ የሕግ ሰውነት እንዲያገኙ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የወሰነው በ2012 ዓ.ም. ማለቂያ ገደማ ነው፤ በመካከሉ ስድሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። አንቀጽ 404 ደግሞ ማኅበርን ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ትርፍ ከማግኘትና ከመከፋፈል ሌላ ለሆነ ዓላማ የሚያቋቁሙት ስብስብ አድርጎ ይተረጉመዋል። ዛሬ በሀገር ቤት ሥራ ላይ ያለው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሲሆን፣ የሃይማኖት ተቋማትን፣ ዕድርንና ዕቁብን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጓቸዋል። ስለዚህ በሀገር ቤትም ቢሆን ዕድር በዋናነት የቆመው በልማድ ላይ ነው። ልዩነቱ፣ በሀገር ቤት ዳኛውም ፖሊሱም ቀበሌውም ዕድር ምን እንደ ሆነ ያውቃሉ፤ በቤይሩት ግን የሚያውቀው የለም።

ከሐዝሚዬ መቃብሮች የዘለቀ ሕግ

በሐዝሚዬ ኮረብታ ላይ የኦቶማን መንግሥት ለጀበል ሉብናን የሾማቸው ገዥዎች መቃብር ነበረ። በ1873 ያረፈው ፍራንኮ ፓሻና በ1892 ያረፈው ዋሳ ፓሻ እዚያ ተቀብረዋል። ዋሳ ፓሻ አልባኒያዊ ባለቅኔም ስለ ነበር አፅሙ በ1978 ወደ ሽኮደር ከተማ ተወስዷል። እነዚያ ገዥዎችና ግዛታቸው ካለፉ ቆይተዋል፤ ሕጋቸው ግን ሁሉ አላለፈም። ዛሬም በሊባኖስ ማኅበር የሚቋቋመው ኦገስት 3 ቀን 1909 በኢስታንቡል በወጣው የኦቶማን የማኅበራት ሕግ ነው። ሪፐብሊኩ በ1926 ሕገ መንግሥቱን ሲያወጣ በአንቀጽ 13 ማኅበር የማቋቋምን ነፃነት «በሕግ ወሰን ውስጥ» አጸና፤ ወሰኑን የሚያሳየው ሕግ ግን ያው የቀድሞው ሆኖ ቀረ።

አሮጌ መሆኑ መጥፎ አላደረገውም። ከአካባቢው ሀገሮች ሕጎች ጋር ሲነጻጸር ለዘብ ያለ ነው። ማኅበር ለመመሥረት አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም፤ መሥራቾቹ ከተስማሙ ማኅበሩ ተቋቁሟል። ግዴታቸው ማሳወቅ ነው፤ የማኅበሩን ስም፣ ዓላማ፣ ዋና ጽሕፈት ቤትና የኃላፊዎቹን ማንነት የያዘ፣ ከመተዳደሪያ ደንቡ ጋር የተያያዘ የተፈረመ ማስታወቂያ ለአገር ውስጥ ሚኒስቴር ያቀርባሉ፤ በምትኩም ደረሰኝ ይቀበላሉ። ይህ ደረሰኝ «ዒልም ወ ኸበር» ይባላል። ቃል በቃል «ዕውቀትና ወሬ» ነው፤ መንግሥት «ዐውቄአለሁ፣ ሰምቻለሁ» ይላል እንጂ «ፈቅጃለሁ» አይልም። ማስታወቂያ ሳይሰጥ በስውር የሚኖር ማኅበር ግን የተከለከለ ነው። አባላት ቢያንስ 20 ዓመት የሞላቸው፣ በከባድ ወንጀልም ያልተፈረደባቸው መሆን አለባቸው።

በተግባር ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ቀላል ሆኖ አልኖረም። ደረሰኙን ማዘግየትና በመሥራቾቹ ላይ ምርመራ ማካሄድ ማስታወቂያውን ወደ ፈቃድ የሚለውጥ ልማድ ሆኖ ነበር። በ2003 የሹራ ምክር ቤት፣ ማለትም የሊባኖስ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ አንድ የመብት ተሟጋች ማኅበር ባቀረበው አቤቱታ ላይ ሚኒስቴሩ እንዲህ ያለውን ልማድ እንዲተው የሚያደርግ ውሳኔ ሰጠ፤ በ2006 ደግሞ የአገር ውስጥ ሚኒስቴር ይህንኑ የሚያጸና መመሪያ አወጣ።

የሩቡ ደንብ

ለኢትዮጵያውያን ዋናው እንቅፋት ያለው በሌላ ሰነድ ውስጥ ነው። በፈረንሳይ ሞግዚትነት ዘመን፣ በ1939 መጨረሻ የወጣው ቁጥር 369 ውሳኔ «የውጭ ማኅበር» ማን እንደ ሆነ ይወስናል። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ከሀገር ውጭ የሆነ ማኅበር የውጭ ነው፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ጽሕፈት ቤቱ በሊባኖስ ቢሆንም እንኳ የሚመራው የውጭ ዜጋ ከሆነ፣ ወይም ከጠቅላላ ጉባኤው አባላት ከሩብ በላይ የሆኑት የውጭ ዜጎች ከሆኑ የውጭ ማኅበር ይባላል። የውጭ ማኅበር ደግሞ በማስታወቂያ አይቋቋምም፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ውሳኔ ያስፈልገዋል።

በቁጥር ሲታይ፣ 12 አባላት ያሉት ጠቅላላ ጉባኤ ቢኖር 3 ኢትዮጵያውያን ሊገቡበት ይችላሉ። አራተኛዋ ስትገባ ማኅበሩ የውጭ ይሆናል። ሦስት ብቻ ቢሆኑም እንኳ ከመካከላቸው አንዷ በሊቀመንበርነት ልትመራው አትችልም። ሁሉም አባላቱ ኢትዮጵያውያን የሆኑ የመረዳጃ ማኅበር ስለዚህ ሁለት መንገድ ብቻ አለው፦ የካቢኔ ውሳኔ ማግኘት፣ ወይም ሳይመዘገብ መኖር። አብዛኛው ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ምርጫ ከተባለ።

ሦስተኛ መንገድ ሆኖ የሚያገለግለው በሊባኖሳውያን ማኅበር ጥላ ሥር መሥራት ነው። በ1994 የተቋቋመው የካሪታስ ሊባኖስ የስደተኞች ማዕከል፣ ከ2005 ጀምሮ የሚሠራው «ከፋ» የተባለው የሴቶች መብት ድርጅት፣ በ2011 ደግሞ የፀረ ዘረኝነት ንቅናቄ የከፈተው የስደተኞች ማኅበረሰብ ማዕከል ለዚህ ይጠቀሳሉ። ጥላው ይጠቅማል፤ አዳራሽ፣ ጠበቃ፣ የሒሳብ ሰነድ ይገኝበታል። ነገር ግን ደንቡንና በጀቱን የሚወስነው ባለ ጥላው ነው። የጋራ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የተሰበሰበው መዋጮ በማን ስም እንደሚቀመጥና ሥራው ሲያበቃ ለማን እንደሚመለስ በጽሑፍ መስማማት ከብዙ ቅሬታ ያድናል።

የሃይማኖት ክፍሎች

በሊባኖስ ሃይማኖት የግል እምነት ብቻ አይደለም፤ የመንግሥት አደረጃጀት አካልም ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 የእምነትን ነፃነት ፍጹም ያደርገዋል፤ የቤተሰብ ሕግን፣ ማለትም ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ልጅ ማሳደግንም ለየሃይማኖት ክፍሉ ይተወዋል። ዕውቅና ያለው ክፍል «ጣኢፋ» ይባላል። በ1936 የወጣው ቁጥር 60 ውሳኔ ክፍሎቹን በዝርዝር አስቀመጠ፤ ዛሬ 18 ናቸው፦ 12 ክርስቲያናዊ፣ 5 እስላማዊና 1 አይሁዳዊ። የመጨረሻዋ የተጨመረችው በ1996 የኮፕት ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ናት። ዕውቅና ያለው ክፍል የራሱ ፍርድ ቤት፣ የራሱ ትምህርት ቤት፣ የራሱ ንብረት አለው፤ ከ1990 ማሻሻያ በኋላም መሪዎቹ በቤተሰብ ሕግ፣ በእምነት ነፃነትና በሃይማኖት ትምህርት ጉዳዮች ለሕገ መንግሥት ምክር ቤት በቀጥታ አቤት ማለት ይችላሉ።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ነገሩ ሲታሰብ ያስገርማል፤ በእምነት አንድ የሆኑት እኅቶቿ ማለትም የአርመን፣ የሶርያና የኮፕት ኦርቶዶክስ ሦስቱም አሉ። በጃንዋሪ 1965 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የእነዚህን አብያተ ክርስቲያናት ፓትርያርኮች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበስቡ ከተገኙት አንዱ መንበራቸው ከቤይሩት በስተሰሜን በአንጤልያስ የሆነው የኪልቅያ ካቶሊኮስ ቀዳማዊ ኮሬን ነበሩ። ከዚያም በፊት፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በሰሜን ሊባኖስ በኤህደን የኢትዮጵያ መነኮሳት ገዳም ነበራቸው፤ ቦታው እስከ ዛሬ «ማር ያዕቆብ አል-አሕባሽ»፣ የሐበሾች ቅዱስ ያዕቆብ፣ ይባላል። መነኮሳቱ በዘመኑ በነበረው የሃይማኖት ክርክር ምክንያት ስፍራውን ለቀዋል። ስሙ ቀርቷል፤ ባለቤትነቱ ግን አልቀረም።

ስለ ስም ከተነሣ አይቀር፣ በሐዝሚዬ «ማር ተክላ» የሚባለውን ሰፈር የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የሚመስላቸው ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። «ማር» በሱርስት ቋንቋ «ጌታዬ» ማለት ሲሆን ለቅዱሳን የሚሰጥ ማዕርግ ነው፤ ተክላ ደግሞ የሐዋርያው ጳውሎስ ደቀ መዝሙር የነበረችው ቅድስት ቴክላ ናት።

ከዝርዝሩ ውጭ መሆን ጸሎትን አይከለክልም። የሚከለክለው ሰነድን ነው። በሊባኖስ ውስጥ የሚፈጸም ጋብቻ በመዝገብ እንዲሰፍር ዕውቅና ያለው ክፍል ባለሥልጣን የሚሰጠው ወረቀት ያስፈልጋል፤ ሀገሪቱ በውጭ ሀገር የተፈጸመን የሲቪል ጋብቻ ብትቀበልም በራሷ ምድር የሚፈጸምበት ሕግ ግን የላትም። በ2013 አንድ የሊባኖሳውያን ጥንድ የሃይማኖት ክፍላቸውን ከመዝገብ አስፍቀው ያደረጉት የሲቪል ጋብቻ ከረጅም ክርክር በኋላ መመዝገቡ ራሱ ትልቅ ዜና ሆኖ ነበር። ስለዚህ በተክሊል የሚጋቡ ኢትዮጵያውያን ከሥርዓቱ በፊት የሚሰጣቸው ወረቀት በየትኛው መዝገብ እንደሚጻፍ መጠየቅ ይኖርባቸዋል፤ በተለይ ልጅ የሚወልዱ ከሆነ።

ሙስሊም ኢትዮጵያውያን በዚህ ረገድ የተሻለ ቦታ ላይ ናቸው። የሱኒ ክፍል በ1955 በወጣው ቁጥር 18 ድንጋጌ ራሱን እንዲያስተዳድር ተደርጓል፤ ዳር አል-ፈትዋ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቹና የወቅፍ አስተዳደሩም የታወቁ ናቸው። ኒካሕ ለማሰር የዜግነት ማኅበር አያስፈልግም። ወንጌላውያኑና ካቶሊካውያኑም በየክፍላቸው ዕውቅና ካላቸው የሊባኖስ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ይጠጋሉ። የሆነ ሆኖ፣ ኢትዮጵያውያን በመሆናቸው የሚያቋቁሙት የመረዳጃ ጀመዓ ወይም ኅብረት እንደ ማኅበር ያው የሩቡ ደንብ ይጠብቀዋል።

የሚጸለይበት ቤት የማን ነው?

«ወቅፍ» ለሃይማኖት ወይም ለበጎ አድራጎት ለዘለዓለም የተሰጠ፣ የማይሸጥና የማይወረስ ንብረት ነው። ቃሉ እስላማዊ ቢሆንም በሊባኖስ የክርስቲያኖቹም ንብረት በዚሁ ስም ይጠራል፤ ገዳማትና አድባራት መሬት የያዙት በወቅፍ ነው። በኢትዮጵያ ለአድባራት ይሰጥ ከነበረው የሰሞን መሬት ጋር የሚቀራረብ ነገር አለው፤ አንድ ግን አይደለም።

የኢትዮጵያውያን ጉባኤያት በአብዛኛው በእሑድ የሚሰበሰቡት በሌላ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በእንግድነት ነው። እንግድነቱ ፈቃድ እንጂ መብት አይደለም። ምእመናን ከደመወዛቸው አዋጥተው ግድግዳ ቢያስለስኑ፣ መቅደስ ቢያስከልሉ፣ መብራት ቢያስገቡ ከሕንፃው ጋር የተጣበቀው ሁሉ የሕንፃው ነው። ታቦት፣ ከበሮ፣ ጽናጽል፣ መጻሕፍትና አልባሳት ግን የሚንቀሳቀሱ ናቸው፤ የማን እንደ ሆኑ የሚያሳይ ዝርዝር በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ በአስተናጋጁ ቤተ ክርስቲያን እጅ ቢቀመጥ ካህን ሲቀየር ወይም ጉባኤው ቦታ ሲለቅ ክርክር አይነሣም። በሀገር ቤት በ1972 የወጣው ቃለ ዓዋዲ ንብረትን የመቁጠርና የመመዝገብን ሥራ ለሰበካ ጉባኤ ሰጥቶታል፤ በስደት ያለ ጉባኤም ይህን ሥራ የሚጥልበት ምክንያት የለውም።

እንግድነት ክቡር መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በ2024 መኸር ጦርነቱ ሲበረታ አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው የሸሹ ስደተኛ ሠራተኞች መጠለያ ካገኙባቸው ቦታዎች አንዱ በአሽረፊዬ የሚገኘው የኢየሱሳውያን የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ነበር።

ኒቃባ፦ የሠራተኛ ማኅበር ጉዳይ

ከሁሉ በላይ የሕግ ሰውነት ዋጋ የታየው በሠራተኛ ማኅበር ላይ ነው። ማኅበር በማስታወቂያ ሲቋቋም፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ ማለትም «ኒቃባ»፣ ግን በሴፕቴምበር 23 ቀን 1946 በወጣው የሥራ ሕግ መሠረት የሥራ ሚኒስቴርን ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃል። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 7 በግል ቤት የሚሠሩ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ጥበቃ ያስወጣቸዋል። አንቀጽ 92 ደግሞ የሥራ ፈቃድ ያላቸው የውጭ ዜጎች አባል እንዲሆኑ ይፈቅዳል፤ መምረጥና መመረጥን ግን ይከለክላል። የሚተውላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጉዳያቸውን በማኅበሩ ቦርድ ፊት የሚያስረዳ አንድ ተወካይ ከመካከላቸው መላክ።

ጃንዋሪ 25 ቀን 2015 በመቶዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ፣ የፊሊፒንስ፣ የኔፓል፣ የስሪላንካና የሌሎች ሀገሮች ሴቶች በቤይሩት ተሰብስበው፣ በሊባኖስ የሠራተኞችና ተቀጣሪዎች ማኅበራት ብሔራዊ ፌዴሬሽን ጥላ ሥር የቤት ሠራተኞችን ማኅበር መሠረቱ። በዐረቡ ዓለም የመጀመሪያው ነው ተብሎለታል። ሚኒስቴሩ ግን ፈቃድ አልሰጠም። ሊባኖስ የመደራጀትን ነፃነት የሚደነግገውን የዓለም የሥራ ድርጅት 87ኛ ስምምነትም አላጸደቀችም።

ከአምስት ዓመት በኋላ ይህ ጉድለት ዋጋ አስከፈለ። በሴፕቴምበር 2020 የሥራ ሚኒስትሯ ለቤት ሠራተኞች አዲስ የተዋሐደ የሥራ ውል አወጡ። ሠራተኛዋ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ውሏን ማቋረጥ እንድትችል፣ ፓስፖርቷን ራሷ እንድትይዝ፣ የሳምንት ዕረፍት እንዲኖራት የሚያደርግ ነበር። የቅጥር ኤጀንሲ ባለቤቶች፣ በሠራተኞቹ አነጋገር የ«መክተብ» ጌቶች፣ የራሳቸው ኒቃባ አላቸው፤ ያውም ፈቃድ ያለው፣ የሕግ ሰውነት ያለው። ይህ ኒቃባ ለሹራ ምክር ቤት አቤቱታ አቀረበ፤ ምክር ቤቱም በኦክቶበር ወር ውሉ የኤጀንሲዎቹን ጥቅም በጽኑ ይጎዳል በሚል ምክንያት አፈጻጸሙን አገደ። በአንድ ወገን በሕግ «ሰው» የሆነ አካል ቆሞ ተናገረ። በሌላው ወገን ውሉ የሚመለከታቸው በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ሴቶች ነበሩ፤ በስማቸው የሚቆም ዕውቅና ያለው አካል ግን አልነበረም።

ያልተመዘገበ ዕድር እንዴት ይጠበቃል?

በሕግ መዝገብ አለመኖር ያለ ሥርዓት ለመኖር ምክንያት አይሆንም። የ1909ኙ ሕግ እያንዳንዱ ማኅበር ሦስት መዝገብ እንዲይዝ ያዝዛል፦ የአባላት ስምና የገቡበት ቀን፣ የውሳኔዎችና የደብዳቤዎች፣ የገቢና የወጪ። ይህ ለማንኛውም ዕድርተኛ እንግዳ አይደለም፤ በሀገር ቤት የዕድሩ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። የኢስታንቡል ሕግ አውጪዎችና የአዲስ አበባ ዕድሮች ሳይተዋወቁ አንድ ቦታ ደርሰዋል።

በቤይሩት ልዩ የሆነው አደጋ የገንዘብ ያዧ ነው። ገንዘቡ በእጇ ነው፤ መኖሪያ ፈቃዷ ግን በአሠሪዋ እጅ ነው። በድንገት ብትያዝ፣ ብትታመም ወይም ወደ ሀገር ብትመለስ የዕድሩ ገንዘብ አብሯት ይሄዳል፤ ወይም በአሠሪዋ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ብትሞት ደግሞ ለሕጋዊ ወራሾቿ ይተላለፋል፤ ሌላ ሰው «የእኛ ነው» ሊል የሚችለው ወረቀት ካለው ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ የዕድሩ መሆኑን፣ እርሷ ጠባቂ እንጂ ባለቤት አለመሆኗን የሚገልጽ፣ ቀን ያለበት፣ ገንዘብ ያዧና ቢያንስ ሁለት አባላት የፈረሙበት ጽሑፍ መኖር አለበት። በአማርኛ ቢሆን ይበቃል፤ ለፍርድ ቤት ሲፈለግ ይተረጎማል። ገንዘቡን በሁለት ወይም በሦስት ሰው እጅ ከፍሎ ማስቀመጥ፣ የመዝገቡንም ፎቶግራፍ በየወሩ ለሁሉም አባላት በስልክ መላክ ወጪ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው። መኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው አባላት ባሉበት ዕድር ግን የስምና የአድራሻ ዝርዝር በማን እጅ እንዳለ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ማዘጋጃ ቤቱ፣ «በለዲያ»፣ ራሱ የሕግ ሰውነት ያለው አካል ነው። የውጭ ዜጎች በምርጫው አይሳተፉም፤ የቤት ኪራይ ውል የሚመዘገበው ግን እዚያ ነው። የሰፈሩ ሙኽታር የሚሰጠው የመኖሪያ ማረጋገጫም በብዙ ቢሮ ይጠየቃል። ያልተመዘገበ ስብስብ ቤት ሲከራይ ውሉ የሚጻፈው በፈራሚዋ ስም ስለሆነ፣ ሌሎቹ አባላት ኪራዩን ከእርሷ ጋር ለመጋራት የገቡበት ወረቀት ይኑራት።

በመጨረሻም የትርጉም ጉዳይ አለ፤ ቀላል የሚመስል ግን ማመልከቻን መንገድ የሚያስት። «ማኅበር» በአማርኛ የጽዋውንም፣ የሠራተኛውንም፣ የነጋዴውንም ይሸፍናል። በዐረብኛ ግን «ጀምዒያ» ሲባል ጉዳዩ ወደ አገር ውስጥ ሚኒስቴር፣ «ኒቃባ» ሲባል ወደ ሥራ ሚኒስቴር ይሄዳል። «ዕድር»ን «ሱንዱቅ ታዓዱድ» ብሎ መተርጎም ያምራል፤ የመረዳጃ ሣጥን ማለት ነውና። ይሁንና ይህ ስም በ1977 በወጣ ራሱን የቻለ ድንጋጌ የሚገዛ፣ የግብርና ሚኒስቴር የኅብረት ሥራ ዋና መምሪያ የሚቆጣጠረው ድርጅት ስም ስለሆነ፣ ማመልከቻው ወደ ማይመለከተው ቢሮ ይላካል። ለቀብርና ለሐዘን የሚረዳዱ ሰዎች ስብስብ ነው ብሎ በዝርዝር መጻፍ ይሻላል። «ጀምዒያ» የሚለውም ቃል ወጥመድ አለው፤ በመንደር ንግግር ሊባኖሳውያን ሴቶች ጀምዒያ የሚሉት በየወሩ አዋጥተው ተራ በተራ የሚወስዱትን ገንዘብ፣ ማለትም ዕቁብን ነው። «ጀምዒያ አለን» ያለች ኢትዮጵያዊት ለማዳሟ ዕቁብ እንዳላት፣ ለመንግሥት ሠራተኛው ደግሞ በሚኒስቴር የተመዘገበ ድርጅት እንዳላት ነግራለች።